ሐምሌ ላይ ካይሮ ልንሄድ ነው፤ ለልጅ የሚሆነው የትኛው ነው?

የሆጤዋ

ሰላም ታላላቆቼ። የምጽፈው በአባዬ ስልክ ነው፣ ፈቅዶልኛል። ደሴ ነው የምንኖረው። እኔ 12 ዓመቴ ነው፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ጨርሻለሁ። ወንድሜ 5 ዓመቱ ነው። ሐምሌ ላይ ከእማዬና ከአባዬ ጋር ለ5 ቀን ካይሮ እንሄዳለን።

አባዬ ያወጣው ፕሮግራም በቀን አራት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ፒራሚዶቹን፣ አዲሱን ሙዚየም፣ የነገሥታቱ አስከሬን ያለበትን ሙዚየምና ኻን አልኸሊሊ ገበያን ይላል። ወንድሜ ሰኞ ገበያ ደርሶ ለመመለስ እንኳ «እዘሉኝ» የሚል ልጅ ነው።

ፒራሚድ ውስጥ ልጅ ይገባል ወይ? ወንድሜን አውሮፕላን ላይ ጆሮውን እንዳያመው ምን ይደረግ? ሙዚየሙ ውስጥ ለኛ የሚሆን ምን አለ? ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ ነገር ካለም ንገሩኝ፣ ለጓደኞቼ ላወራላቸው ነው።

ጦሳ ስር

እደጊ የኔ አበባ። ይህን መልስ ለአባትሽ አሳዪው።

የመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም ለአዋቂም አይሆንም። ፒራሚዶቹና አዲሱ ሙዚየም 2 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ አንድ ላይ ይሄዳሉ። የነገሥታቱ አስከሬን ያለበት ሙዚየም ግን ፉስጣጥ ነው፣ ከተማውን ተሻግሮ። ኻን አልኸሊሊ ደግሞ ሌላ ሰፈር። በካይሮ የመኪና መጨናነቅ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ወንድምሽም የሚያስታውሰው የታክሲውን ወንበር ይሆናል።

ፒራሚዶቹ ጋ በር ሲከፈት ድረሱ። ሐምሌ ላይ ካይሮ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ግቢው ደግሞ ጥላ የለውም። ለእያንዳንዳችሁ ቢያንስ 1 ሊትር ውሃ፣ ባርኔጣ፣ ሽፍን ጫማ። በሰንደል ከሄዳችሁ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ግቢው ውስጥ የሚያመላልስ አውቶቡስ አለ፣ ተጠቀሙበት። ከቀኑ 5 ሰዓት ሳያልፍ ውጡ።

ልጅ ውስጥ ይገባል። ለትልቁ ፒራሚድ ውስጥ የተለየ ቲኬት ይቆረጣል፤ አንዳንዴ ለጥገና ስለሚዘጋ በር ላይ ጠይቁ። መጀመሪያ በዋሻ ነው የሚገባው፣ ከዚያ 39 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣ መተላለፊያ አለ። የዚህ መተላለፊያ ቁመቱ 1.2 ሜትር ብቻ ነው። ወንድምሽ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንቺ ጎንበስ ትያለሽ፣ አባትሽ ለሁለት ይታጠፋል። ለልጅ የተሠራ ይመስላል! ወለሉ ላይ እግር የሚይዝ ርብራብ አለ፣ በጎንና በጎን መያዣ አለው። ቀጥሎ ጣሪያው 8 ሜትር ተኩል የሚደርስ ረጅም አዳራሽ ታገኛላችሁ፣ ከዚያ የንጉሡ ክፍል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚወጣውና የሚወርደው ሰው በዚያው ጠባብ መንገድ ስለሚተላለፍ መሀል ላይ «ልመለስ» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ በቀላሉ አይመለስም። ወንድምሽ ጨለማ የሚፈራ ከሆነ ከእናትሽ ጋር ውጭ ይቆይ፣ ሁለታችሁ ግቡ። ውስጡ ይሞቃል፣ አየሩም ታፍኗል። ሁለተኛ፣ የንጉሡ ክፍል ባዶ ነው። ክዳን የሌለው የድንጋይ ሣጥን ብቻ ነው ያለው፤ ሥዕል የለም፣ ወርቅ የለም፣ አስከሬን የለም። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ልጅ «ለዚህ ነው?» ይላል።

ለጓደኞችሽ ስታወሪ በላሊበላ ለኪው። ቤተ ጊዮርጊስ ከፍታው 12 ሜትር ያህል ነው። ትልቁ ፒራሚድ ሲሠራ 146 ሜትር ነበር፣ ማለትም ቤተ ጊዮርጊስን 12 ጊዜ ብትደራርቢው ነው። የእነርሱ 2.3 ሚሊዮን በሚገመት ድንጋይ ተደርድሮ ወደ ላይ ወጣ፤ የኛው ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ወደ ታች ወረደ።

ግመል መውጣት ካማራችሁ ዋጋውን ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ፣ «መውረጃውንም ጨምሮ» ብላችሁ። ለመውረድ ሌላ ብር የሚጠይቁ አሉ። ባቲ ገበያ ግመል ያየ ልጅ ግን ለፎቶ ካልሆነ ብዙም አይጓጓ ይሆናል።

ቅርስ ተንከባካቢ

ከላይ ያሉት ጋሼ ሙዚየሙን ስላለፉት እኔ ልሙላ። ታላቁ የግብፅ ሙዚየም በይፋ የተመረቀው ጥቅምት 2018 ዓ.ም ነው። ሁሉንም አየዋለሁ የሚል ሰው አንዱንም ሳያይ ይወጣል። ለ5 ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ላንቺ ሦስት።

በሩ ላይ የራምሴስ ሁለተኛ ሐውልት ቆሟል፣ 11 ሜትር ገደማ፣ 83 ቶን። ላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ውስጥ ቢያቆሙት አናቱ ከአፋፉ ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ከዚያ ወደ ላይ ትልቅ ደረጃ አለ፤ ወንድምሽን በእግሩ አታስወጡት፣ ከጎኑ ተንቀሳቃሽ መወጣጫ አለ። አቅሙን ለላይኛው ያቆየው።

በቀጥታ ወደ ቱታንኻሙን ክፍል ሂዱ። ምክንያቱም እርሱ ሲነግሥ ልጅ ነበር፣ 9 ዓመት አካባቢ፤ አንቺን በ3 ዓመት ያንሳል። ሲሞት 19 ገደማ። መቃብሩ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲገኝ ከ5,000 በላይ ዕቃ ነበረው። ሰው ሁሉ የሚሰለፈው 10 ኪሎ የሚያህለው የወርቅ ጭምብል ፊት ነው። ለአንቺ የምመክርሽ ሌላውን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደብተር ላይ እነዚህን ጻፊና ከወንድምሽ ጋር ፈልጉ፦ የልጅነት ወንበሩ (ከወንድምሽ ወንበር ብዙም አይበልጥም)፣ ሰኔት የሚባለው የገበታ ጨዋታ፣ ሁለት መለከት፣ ስድስት ሠረገላ፣ ጓንት። ዱላ ደግሞ 130 ያህል ነበረው። ለወሎ እረኛ እንኳ ይበዛል።

ልጅ ሙዚየም ውስጥ የሚሰለቸው ዝም ብሎ ሲጎተት ነው። የሚፈልገው ነገር ካለው ራሱ ይጎትታችኋል። በተጨማሪ 1 ሜትር ከሚሆን ቁመት ሲታይ መስታወቱ መብራት ያንጸባርቃል፣ ከፊት የቆመው ሰው ጀርባም ይጋርዳል፤ ስለዚህ አባትሽ ከፍ እያደረገ ያሳየው፣ አንቺ ደግሞ ወደ ጎን ዘወር ብለሽ እዪ። የፎቶ ፍላሽ አታብሩ።

የነገሥታቱን አስከሬን ሌላ ቀን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ፉስጣጥ የተዛወሩት 22 ናቸው። ጥፍራቸውና ፀጉራቸው ሳይቀር ይታያል፤ ክፍሉም ጨለምለም ያለ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ሌሊት ሊያቃዠው ይችላል። አንዱ ወላጅ ውጭ ቢቆይ ይሻላል።

ነርሷ

ጆሮን በተመለከተ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱን ካወቅሽው ወንድምሽን አንቺው ትረጂዋለሽ።

በበረራ ላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ቦሌ 2,330። ስለዚህ የደጋ ልጅ ጆሮ ሲነሱ ብዙም ለውጥ አይሰማውም። ካይሮ ግን ቆላ ናት፣ አውሮፕላን ማረፊያዋ ከባሕር በላይ 100 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ሕመሙ የሚመጣው ሲያርፉ ነው። ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ቱቦ በልጅ ላይ ጠባብ ስለሆነ ግፊቱን ቶሎ አያስተካክልም፤ የሚከፍተው መዋጥ ነው።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ልጁ ተኝቶ ሲያርፍ «እንኳን ተኛ» ብሎ መተው ነው። የተኛ ልጅ እምብዛም አይውጥም። ከማረፉ 30 ደቂቃ በፊት ቀስቅሱት። ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፣ ዳቦ ያላምጥ፣ አፉን ከፍቶ ያዛጋ። ላንቺ ማስቲካ ወይም ቆሎ ይሆናል፤ ለእርሱ ቆሎ አልመክርም፣ አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ ሊያንቀው ይችላል። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ከታፈነ ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው።

ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ፣ ከ9 ወር ዕድሜ ጀምሮ፣ ግብፅ ካርዱን ትጠይቃለች። የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው፤ በዋዜማው ተከትቦ የሄደ ሰው ካርድ ይዞም ችግር ይገጥመዋል።

የታሸገ ውሃ ብቻ ጠጡ፣ ጥርስም በእርሱ ታጠቡ። ተቅማጥ ከመጣ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በግማሽ ሊትር አታወፍሩት፣ ጨው ይበዛበታል። ለወንድምሽ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በኩባያ። ከደሴ ይዛችሁ ሂዱ።

ምግብ አያስቸግራችሁም፤ ኮሸሪ የሚባለው ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ያለበት ነው። ለፆምም ይሆናል። ፉሉን ታውቁታላችሁ።

ሐይቅ ዳር

ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ብዙ ነው። ማር ጊርጊስ የሚባል የሜትሮ ፌርማታ ላይ ስትወርዱ ጥንታዊዎቹ የኮፕት አብያተ ክርስቲያናት ፊት ለፊታችሁ ናቸው። አቡ ሰርጋ ከሥሩ ዋሻ አለው፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት ነው ይባላል። በጽጌ ጾም የሰማሽውን ቦታ ታዪዋለሽ ማለት ነው። ለረጅም ዘመን ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚመጣው ከዚያው ከግብፅ ነበር። ኻን አልኸሊሊ ጎን ደግሞ አልአዝሃር መስጊድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ970 መሠራት የጀመረ፤ ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ደረሶች ሪዋቅ አልጀበርቲ የሚባል ማደሪያ ነበረው። ለእማማና ላንቺ ነጠላ ይበቃል፣ ጫማ ይወለቃል። የኛ ወሎ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት አያቅተውም።

ሜትሮውን እንዳትዘሉት! እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚሠራ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። መሀል ላይ የሴቶች ፉርጎ አለ፤ አባትሽ ሌላ ፉርጎ ከገባ የትኛው ፌርማታ ላይ እንደምትገናኙ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ።

አባይ ላይ በመሸ ጊዜ በጀልባ ውጡ። ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው የሚነገረው። ቦርከናችን እዚያ ደርሶ ታዪዋለሽ።

ጦሳ ስር

ኸረ ጋሼ ሐይቅ ዳር! ቦርከና አዋሽ ገብቶ አፋር ምድር ላይ ነው የሚቀረው፣ ባሕር እንኳ አያይም። ካይሮ የሚደርሰው በሽሎ ነው፤ ከወሎ ደጋ ተነስቶ አባይ ይገባል። ልጅቷ ለክፍል ጓደኞቿ ስህተት እንዳትናገር።

ሐይቅ ዳር

እውነትህን ነው፣ በሽሎ ነው። አንቺ ልጅ በሽሎ ብለሽ ጻፊ። ታክሲ ነጂው ከየት መጣችሁ ብሎ ስለ ግድቡ ካነሳ ግን ጨዋታውን ወደ ኮሸሪ አዙሪው።

ትኬት ቆራጩ

ለአባትየው፦ ወንድምየው የራሱ ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልገዋል። ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀረው። የልደት ምስክር ወረቀቱን አስተርጉማችሁና አረጋግጣችሁ ያዙ። በኛ ስም አወጣጥ የእናትና የልጅ ስም ስለማይገናኝ የውጭ መኮንን «ልጁ ያንቺ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የልደት ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር ፓስፖርቱና ወረቀቱ ላይ አንድ መሆኑን እዩ፤ አብዛኛው ችግር ከዚህ ይመጣል። አንድ ወላጅ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላው የተረጋገጠ ስምምነት ይያዝ።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ካይሮ በአንድ ቲኬት ቁረጡ። ሐምሌ ላይ ኮምቦልቻ በጉምና በዝናብ በረራ ይዘገያል፤ ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ያመለጣችሁ በረራ ኪሳራው የናንተ ነው።

ለልጆቹ፦ የሆቴሉ ስም በዓረብኛ የተጻፈበትን ካርድና የአባታችሁን ስልክ በ+251 ጀምራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም፣ ቦርሳ ይረሳል። ጠዋት ጠዋት ስትወጡ አባባ ፎቶ ያንሳችሁ፣ ብትጠፉ ምን ለብሳችሁ እንደነበር ይታወቃል። ሽንት ቤት በር ላይ ጥቂት ፓውንድ ስለሚጠየቅ ዝርዝርና ሶፍት አንቺ ያዢ።

ደግሞም የቲኬቱን ሰዓት እዩ። ቲኬት የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው።

የሆጤዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም! አባዬ አነበበው፣ ከአራት ወደ ሁለት ቀንሷል፣ አስከሬኑን ለአራተኛው ቀን አደረገው። ቲኬቱ ላይ 01:15 ይላል። አባዬ «ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ነው፣ አዲስ አበባ አድረን እንነሳለን» ብሎ ነበር። ልክ ነው?

ትኬት ቆራጩ

አይደለም የኔ እናት፣ እንኳን ጠየቅሽ። 01:15 ሌሊት 7 ሰዓት ከሩብ ነው። ቀኑ ቲኬቱ ላይ 15 ከሆነ ቦሌ የምትገቡት በ14ኛው ቀን ምሽት 4 ሰዓት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ የምትነሱትም በዚያው በ14 ቀን፣ ከቀትር በፊት ባለው በረራ ይሁን። ወንድምሽ ከሰዓት በኋላ ይተኛ።