የአውራ ጣቴ አሻራ ካታናዬ ላይ ዝጎ ቀረ፤ ምን ይሻለኛል?

የከዚራው ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ቤተሰብ። ጎስት ኦቭ ሱሺማን የተጫወታችሁ የጂን ሳካይን ሰይፍ ታውቁታላችሁ። ላልተጫወተ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጌም ነው። ታሪኩ ሞንጎሎች በ1274 ሱሺማ የምትባለውን የጃፓን ደሴት ሲወሩ ነው። ካታና ይሉታል፣ የጃፓን ጎራዴ ነው። የዚያን ሰይፍ አምሳያ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ሳሎን ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር መዝዤ ማሳየት ሥራዬ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ስመዘው ብረቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። አንዱን ጠጋ ብዬ ሳየው የራሴ አውራ ጣት ነው! መስመሮቹ ሳይቀሩ፣ ቀበሌ ሄጄ የፈረምኩበት ነው የሚመስለው። ደንግጬ የምግብ ዘይት ቀባሁት። አሁን ተጣብቋል፤ የድሬን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሌላው፣ እጀታውን ስነቀንቀው ቀጭ ቀጭ ይላል። አፎቱም ላልቷል፤ ዘቅዘቅ ሳደርገው ሰይፉ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ሲመጣ ጥብቅ ነበር። ዓርብ ጓደኞቼ ግቢ ውስጥ ሃይላንድ እንቆርጣለን ብለው ቀጥረውኛል። እማዬ ደግሞ "ወይ አንተ ወይ ጎራዴው" ብላለች። እባካችሁ የምታውቁ።

ጌመር ታይዋን፦

ቀላል ነው። ማግኔት አስጠጋው። ከያዘ ካርቦን ብረት ነው፣ ካልያዘ የማይዝገው ነው። ዓርብ እኔንም ጥሩኝ።

የምድር ባቡር ልጅ (ሳቢያን)፦

ማግኔቱን ተወው። የጌጥ ሰይፍ የሚሠሩበት 420 የሚባለው የማይዝግ ብረትም ማግኔት ይይዛል። ምንም አይነግርህም። ሻጩ የጻፈውን ፈልግ። 1045፣ 1060 ወይም 1095 የሚል ካለ ካርቦን ብረት ነው። መጨረሻ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የካርቦኑ መጠን ናቸው፤ 1060 ማለት 0.60 በመቶ ገደማ። ለነገሩ አሻራህ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ ከዛገ ካርቦን ብረት ይመስለኛል። የእጅ ላብ ጨው አለው፣ ብረቱ ላይ ትተኸው ነው የሄድከው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ዝገቱ አይደለም፣ ቀጭ ቀጩ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሚሠራው። እጀታው የላላ መዶሻ ያነሳ ሰው አጠገብ አይቆምም ነበር። ያንተ ደግሞ መዶሻ አይደለም!

መጀመሪያ የእጀታውን ጫፍ እይ። ብሎን ካለው ውስጡ ቀጭን ዘንግ ተበይዶበት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ለግድግዳ ብቻ ነው፤ ሲወዘወዝ ከእጀታው ሥር ተሰብሮ ይበርራል። ብሎን ከሌለው ጎኑ ላይ ክብ ነጥብ ፈልግ። መኩጊ ይሉታል፣ ብረቱን ከእጀታው ጋር የሚያስረው የቀርከሃ ችንካር ነው። አንዳንዱ ሁለት አለው። በቀጭኑ በኩል በእንጨት ነካ ነካ አድርገህ አስወጣውና እጀታውን አውልቅ። የብረቱ ጭራ ሰፊና ወፍራም ሆኖ እጀታው ውስጥ ርቆ ከገባ ጥሩ ነው። ችንካሩ ከተሰነጠቀ በቀርከሃ ቀይረው። ምስማር እንዳትከት! ምስማር እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ቀርከሃ ቃጫ ስላለው ድንገት ቀጭ ብሎ አይሰበርም። ይህን ሳታይ ዓርብ የሚባል ነገር የለም።

የመኪና ግርግሯ (ሐረር)፦

የምግብ ዘይት? አንተ ልጅ፣ ሰይፍ ነው ሳምቡሳ? ቆይቶ ሙጫ ይሆናል። እኛ ቤት ለልብስ ስፌት መኪናዎቹ የምንጠቀመው ዘይት ለሰይፍህም ይሆናል። ቀጭን ነው፣ አይሸትም፣ አይደርቅም።

መጀመሪያ የተጣበቀውን በአልኮልና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረገው። ከጀርባው በኩል ያዝ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ወዲያ ወዲህ ካልክ ጣትህን ትቀነጥሳለህ። ከዚያ ነጠብጣቦቹ ላይ የስፌት መኪና ዘይት አድርገህ አሳድረው። ጠዋት በጨርቅ እሸው። እምቢ ያለውን 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሰህ፣ በቁመቱ፣ ቀስ ብለህ። የዕቃ ብረት ሽቦ አይነካውም። ብረቱ ላይ ያለው ሞገድ የመሰለ መስመር ሃሞን ይባላል፤ ርካሾቹ ላይ በአሲድ የተሣለ ነው። ስትፈገፍገው ከጠፋ አትናደድብኝ።

በመጨረሻ አንድ ሁለት ጠብታ ቀብተህ በደረቅ ጨርቅ መልሰህ ጥረገው። የሚቀረው መስታወት ላይ የተነፈስክ ያህል ስስ ይሁን። ከበዛ አፎቱ ይጠጣዋል። በነካኸው ቁጥር እንደዚያ፤ ካልነካኸው በየሁለት ወሩ።

ጃፓኖቹ ዘይታቸውን ቾጂ ይሉታል፣ ቅርንፉድ ማለት ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ዘይቱ ነው። ቀፊራ ሄደህ ቅርንፉድ እንዳትዘፈዝፍ፣ ለሻይህ አድርገው።

ጀጎል 5 በር፦

አፎቱን ያላላኸው ራስህ ነህ፤ ለእንግዳ ሁሉ እየመዘዝክ። ብረቱ ሥር ያለው የናስ ቀለበት ሃባኪ ይባላል። አፎቱን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው፣ ብዙ ሲመዘዝ እንጨቱን ይበላዋል። ስስ የእንጨት ልጣጭ ቆርጠህ ከአፎቱ አፍ ውስጥ፣ ሃባኪው የሚነካበት ጋ በእንጨት ኮላ ለጥፍ። ወፍራም ከሆነ አፎቱ ይሰነጠቃል፣ በትንሹ ጀምር። ስትመዝ ደግሞ ጣቶችህ በስለቱ በኩል አይሁኑ።

ስትሰቅለው አግድም፣ ስለቱ ወደ ላይ። እንደዚያ ሲሆን በጀርባው ይተኛል፣ አፎቱን አይቆርጥም። (ለጌም ሊቃውንት፦ በ1274 ሳሙራዮች የሚታጠቁት ታቺ የሚባል ሰይፍ ነበር፤ ስለቱን ወደ ታች አድርገው ነው የሚያንጠለጥሉት። ካታናው በኋላ የመጣ ነው። ለጂን እንዳትነግሩት።)

አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ የአያት ጎራዴ ካለ ይህን የብርጭቆ ወረቀት ምክር እዚያ ላይ እንዳትሞክሩ። የሐረር ልጅ ጓደኛዬ ያያቱን ጎራዴ "አሳምሬ" ብሎ ጽሑፉን አጠፋው። አባቱ እስካሁን አኩርፈውታል። ለአሮጌ ብረት ስስ ዘይት ይበቃዋል።

የከዚራው ልጅ፦

ተመልሻለሁ። ብሎን የለውም! ጭራው ሰፊ ነው፣ የእጀታውን ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ችንካሩ ግን ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ከአሮጌ የቀርከሃ መጋረጃ አዲስ ቀረጽኩ፤ ሦስቱን አበላሽቼ አራተኛው ገባ። ቀጭ ቀጩ ጠፋ።

የሳቢያኑ፣ ዓርብስ? አንቱ አላልኩህም እንዳትቀየም፣ ድሬ ነን።

የምድር ባቡር ልጅ (ሳቢያን)፦

ምን አንቱ! ችንካሩን ራስህ ቀርጸህ፣ ብረቱ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ጓደኞችህ ከብበውህ? አይሆንም። ስቀለው።

የከዚራው ልጅ፦

እሺ፣ ዓርብ ፊፋ ተጫወትን። ዝገቱ ለቋል፣ አሻራዬ ግን እንደ ጥላ ቀርቷል። ፈግፍጌ ሃሞኑን ከማጠፋ ብዬ ተውኩት። እማዬ ጎራዴው ላይ ዝም ብላለች፤ አሁን የስፌት መኪናዬን ዘይት ማን ጨረሰው እያለች ነው።