ጆከር አስን ይበላል ወይስ አይበላም? አስቸኳይ!

ጠያቂ፦ ድረሱልን፣ ጨዋታው መሃል ላይ ቆሟል። አንዱ ጆከር አውርዶ «አስህን በላሁት» አለ። ሌላው «ጆከር ማለት ቀልደኛ ነው፣ ቀልደኛ አስ አይበላም» ብሎ አስዋን በመዳፉ ሸፍኖ ይዟል። አላነሳም ብሏል! ይሄ ጆከር የሚሉት ነገር ከየት መጣ? ትርጉሙስ?

በዋዡ፦ ጆከሩን አውጡና እንደገና በውዙ። አለቀ።

ቀይ ልብ፦ የትኛውን ጨዋታ ነው የምትጫወቱት?

ጠያቂ፦ ካርታ ነዋ! ቶሎ በሉ፣ እየጮሁ ነው።

የድሮ ተጫዋች፦ ተረጋጉና ስሙ። ጆከር በካርታ ዓለም ገና ልጅ ነው። ንጉሡና ጃኩ ከሱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። እሱ የመጣው በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ዩከር ለሚባል ጨዋታ። በዩከር ከሁሉ የሚበልጠው የገዢው ምልክት (በዚያ ዙር ሌሎቹን ምልክቶች የሚበላው) ጃክ ነበር። «ባወር» ይሉታል፣ ጀርመኖች ጃክን ባወር (ገበሬ) ስለሚሉት። ከዚያ ጃኩንም የሚበላ ተጨማሪ ካርታ አስገቡ። ጆከር ማለት እሱ ነው። ስሙም ከዩከር ሳይወጣ አልቀረም የሚሉ አሉ። የቀልደኛው ሥዕል ኋላ የመጣ ነው።

ጥቁር ጦር፦ ታሮት በሚባለው ካርታ ውስጥ ካለው «ሞኝ» የመጣ አይደል እንዴ?

የድሮ ተጫዋች፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፣ ግን አይደለም። ታሮት የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ጨዋታ ነው። በጥንቱ አጨዋወት ሞኙ ማንንም አይበላም፣ ማምለጫ ብቻ ነው። ጆከር ደግሞ የተፈጠረው ሊበላ ነው።

ዝምተኛው፦ ጆከሩን አውጡት ባይ ነኝ።

በዋዡ፦ ከላይ ብያለሁ እኮ!

ቀይ ልብ፦ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል። የቀልደኛነቱ ነገር እዚህ ምን አገባው? ሕጉን የሚወስነው ጨዋታው ነው። በራሚ ጆከር ማንንም አይበላም፣ የጎደለችውን ካርታ ቦታ ይሞላል። በብሪጅ ጭራሽ የለም፣ በ52ቱ ብቻ ነው የሚጫወቱት። በዩከር ከገባ ግን አስም ጃክም ይበላል። ስለዚህ የጨዋታውን ስም ንገረን።

ጥቁር ጦር፦ ጠያቂው ጠፋ። ካርታው ተቀዶ ይሆን?

ዝምተኛው፦ እስኪመጣ አንድ ጥያቄ። አንዱ ጆከር ባለቀለም፣ ሌላው ጥቁር የሆነው ለምንድነው?

የድሮ ተጫዋች፦ ለመለየት። ለምሳሌ በቻይናው ዶውዲዡ ባለቀለሙ ጥቁሩን ይበላል።

ቀይ ልብ፦ ጠያቂ፣ ሁለቱም ጆከሮች ወጥተዋል እንዳትለን ብቻ!