«ሾላ በድፍን» እና የመንገድ ዳር ዛፎችን መለየት

ጥያቄ፦ «ሾላ በድፍን» የሚለው አነጋገር ከሾላ ዛፍ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ብታብራሩልኝ እወዳለሁ። ጥያቄውን ያነሣሁት በየመንገዱ ዳር የተተከሉትን ዛፎች በስማቸው ለማወቅ ስሞክር፣ አብዛኞቻችን «ዛፍ» ወይም «ጽድ» ብለን በጅምላ እንደምናልፋቸው ስለታዘብኩ ነው።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አነጋገሩ ዝርዝሩ ሳይገለጥ ተድበስብሶ ለሚቀርብ ነገር ይነገራል፤ አንድ ሰው «ውሳኔውን ሾላ በድፍን አድርጎ ነገረን» ቢል፣ ውስጡ ምን እንደያዘ አልገለጠልንም ማለቱ ነው። ምሳሌው የተወሰደው ከፍሬው ነው። የሾላ ፍሬ ከውጭ ድፍን ቢመስልም፣ ለሁለት ቢከፈል በውስጠኛው ግድግዳው ላይ የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን አበቦች፣ ብዙ ጊዜም ነፍሳት ይገኙበታል። ነፍሳቱ በፍሬው አናት ባለች ጠባብ ቀዳዳ እየገቡ አበቦቹን የሚያዳቅሉ ደቃቅ የተርብ ዘመዶች ናቸው። ይህን ከፍቶ ከማየት ፍሬውን እንዳለ መጉረስ ይቀላልና አነጋገሩ ከዚያ መጣ።

እርስዎ ካነሡት ጉዳይ ጋር በሚገባ ይገጥማል እላለሁ፤ ዛፍን በስሙ ለመጥራት የሚፈልግ ሰው ድፍኑን መክፈት አለበትና። «ጽድ»ን እንውሰድ። በዚህ ስም የሚጠሩት የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ ከሩቅ ቢመሳሰሉም የተለያየ ወገን ናቸው፤ የሚለያቸውም ፍሬያቸው ነው። የፈረንጅ ጽድ ፍሬ ክብ፣ እንደ እንጨት የጠነከረና ሲደርቅ እየተሰነጠቀ የሚከፈት ሲሆን፣ የሐበሻ ጽድ ፍሬ ግን ትንሽና ሥጋማ ነው፤ ሲበስል ወደ ጠቆረ ሰማያዊ ይለወጣል እንጂ አይሰነጠቅም። የሐበሻ ጽድ ወንዴና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚሆን፣ ፍሬ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሸውሸዌ ከሁሉም ይልቅ ዓይንን ያታልላል። ስሙ ነፋስ ሲነካው የሚያሰማውን ድምፅ ያስታውሳል፤ ረጃጅምና ቀጫጭን አረንጓዴ ክሮቹንም ሁሉም ሰው ቅጠል ይላቸዋል። ይሁን እንጂ ክሮቹ ቅርንጫፎች ናቸው። አንዱን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ ቢስቡት ከመጋጠሚያው ላይ ይለቃል፤ በመጋጠሚያው ዙሪያ የሚታዩት ጥርስ መሰል ቅርፊቶች ናቸው እውነተኞቹ ቅጠሎች።

አበባ በሌለበት ወቅት ጃካራንዳንና የድሬዳዋ ዛፍን ማምታታትም የተለመደ ነው፤ ሁለቱም እንደ ላባ የተከፋፈለ ቅጠል አላቸው። በጃካራንዳ ላይ የእያንዳንዷ ትንሽ ቅጠል ጫፍ የሾለ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ዛፍ ላይ ግን ደልደል ብሎ የከበበ ነው። ፍሬዎቹ ከዚህም ይበልጥ ይለያያሉ፦ የጃካራንዳው ጠፍጣፋና ክብ ሆኖ ውስጡ ስስ ክንፍ ያላቸው ዘሮች ሲኖሩት፣ የሌላኛው እንደ ሰይፍ የረዘመ ጠንካራ ዛላ ነው። እንዲህ በተከፋፈለ ቅጠል ላይ አንዱ ሙሉ ቅጠል የት እንደሚጀምር ለማወቅ ቡቃያውን መፈለግ ይጠቅማል፤ ቡቃያ የሚገኘው ሙሉው ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ጥግ እንጂ በትናንሾቹ ቅጠሎች ሥር አይደለም።

ጥያቄ፦ ስለ ማብራሪያው እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በመንገድ ዳር የሚተከለውና ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚዘናፈለው «ቁንዶ በርበሬ» ከቅመሙ ጋር አንድ ነውን?

መልስ፦ አይደለም፤ ስሙን የተጋሩት ፍሬያቸው ስለሚመሳሰል ነው። ቅመሙ የሚገኘው ድጋፍ ይዞ ከሚወጣ ሐረግ ነው፤ የመንገዱ ዛፍ ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን ከማንጎ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ቅጠሉ በእጅ ሲታሽ በርበሬ በርበሬ የሚል ሽታ ይሰጣል፤ ፍሬውም በቀጭኑ የሚላጥ ሮዝ ልባስ አለው። ስለዚህ በጽሑፍ «የቁንዶ በርበሬ ዛፍ» ብሎ ለይቶ መጻፍ የሚሻል ይመስለኛል።