ከኤረር ወዲያ ላለው አሸዋ ሃይሉክስ ምን ይፈልጋል?

የሳቢያን ልጅ (ጥያቄ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ የናፍጣ ሃይሉክስ ገዝቻለሁ፤ ደብል ጋቢና ነው። የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ (በአራቱም ጎማ ለመንዳት የሚቆለፈው) ያለው አሮጌው ዓይነት። ከድሬዳዋ ተነስቼ ከኤረር ከተማ ወዲያ ወዳሉ መንደሮች የውሃ ፓምፕ ዕቃ ላመላልስ ነው። መንገዱ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፤ አሸዋው ጥልቅ ነው ይላሉ። ጋራዥ ስጠይቅ «መጀመሪያ ባሌስትራ (ከስር ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ሞላ) ጨምርና ከፍ አርገው» አሉኝ። ብሩ ለሁሉም አይበቃም። ከየት ልጀምር?

ጎሚስታው፦ አቦ፣ ባሌስትራውን ለጊዜው ተወው! ከጎማ ጀምር። አሸዋ ላይ የሚያሰምጥህ ጥርቅም አርጎ የተነፋ ጎማ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የምትነፋውን ወደ 20 ብታወርደው ጎማው ይተኛል፣ አሸዋውንም ከላይ ረግጦ ያልፋል። ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው ጎማ ከሆነ ግን ብዙ አታውርድ፤ ጎማው ቸርኬው (የጎማው ብረት) ላይ ይንሸራተትና ቫልቩን ይቆርጠዋል። አሸዋው ሲያልቅ መልሰህ ንፋ። በለሰለሰ ጎማ ድንጋይና አስፋልት ላይ ከፈጠንክ ጎኑ ይቀደዳል፣ ይግላል። ስለዚህ የአየር መለኪያና ባትሪ ላይ የሚሰካ ትንሽ ኮምፕሬሰር ግዛ። እዚያ የፕሮሶፒስ ዛፍ እሾህ ሞልቷል፤ የጎማ መጠገኛም አይጥፋ።

አሮጌው ሹፌር፦ ልጄ፣ የጎማው ምክር ልክ ነው። መቆለፊያዎቹን አሸዋው ጋ ሳትደርስ አዙራቸው፤ ከሰመጥክ በኋላ ተንበርክከህ አሸዋ ስትጭር ትውላለህ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን በአራቱም ጎማ አትንዳ፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ አትርገጥ። አቁም፣ በመጣህበት ዱካ ወደ ኋላ ውጣ። ክሪክ (መኪና ማንሻው) ከስሩ ጣውላ ካልተደረገለት አሸዋ ላይ ዋጋ የለውም፣ ይሰምጣል። አንድ ወፍራም ጣውላና አካፋ ያዝ። ከባዱን ዕቃ ጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ ላይ አትስቀል፤ ወንዙ ዳር ስትወጣ ያጋድልሃል።

ከዚራ፦ ስለ ሙቀቱ ማንም አላነሳም እኮ! የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ በአቧራ ከታፈነ ሞተሩ አቅም ያጣል። ቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) እና የራዲያተሩን ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) አሳይ፤ አሮጌ ከሆነ ቀይር። የጋለ ራዲያተር እንዳትከፍት። ውሃ ለሰውም ለመኪናም ለየብቻ ያዝ።

ደግሞ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ምሳ መብላት፣ ማደር የሚባል ነገር የለም። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ከላይ በወረደ ጎርፍ ነው። ደጋው ከጠቆረ ወንዙን አትሻገር፣ ጠብቅ።

የሳቢያን ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ልጨምር፦ የምሄደው በአንድ መኪና ነው። የመጎተቻ ገመድ ምን ያደርግልኛል?

አሮጌው ሹፌር፦ የጭነት መኪና ካለፈ ይጎትትሃል፣ ስለዚህ ያዝ። ሻንሲው ላይ ካለው መንጠቆ እንጂ ከፓራውልቱ (ከመከላከያው) አትሰር። ሲጎተት ማንም ሰው ገመዱ አጠገብ አይቁም፤ ከተበጠሰ ሰው ይገድላል። ብቻህን ከሆንክ ግን የሚያወጡህ አካፋህና ጣውላህ ናቸው። የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ለቤተሰብ ንገር፣ ኔትወርክ ይጠፋል።

ጎሚስታው፦ ስኮርታህን (ተቀያሪ ጎማህን) እንዳትረሳ። ሃይሉክስ ላይ ከስር በሰንሰለት ነው የሚንጠለጠለው፤ ሰንሰለቱ በዝገትና በአቧራ ይነክሳል። ቤትህ በር ላይ አንዴ አውርደህ ሞክረው፣ ዘይት ቀባው፣ አስነፋው። እምቢ ካለ አውጥተህ ከኋላ ጫነው።