የዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት ሜትሮ፦ በ10ኛ ጎዳና በር ውጪ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ዩ ስትሪት መሄድ ቀላል ነው። በቀዩ መስመር ሁለት ፌርማታ ሄደሽ ፎርት ቶተን ትወርጃለሽ። ከዚያ ወደ ታች ወርደሽ ብራንች አቬኑ የሚለውን የአረንጓዴ መስመር ባቡር ያዢ፣ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ደረስሽ ማለት ነው። የባቡር መክፈያ ካርዱን ስትገቢም ስትወጪም ስለምታስነኪ ከእጅሽ አይራቅ።

ዋናው ነገር መውጫው ነው። ጣቢያው ሁለት በር አለው፣ አንዱ በ13ኛ፣ ሌላው በ10ኛ ጎዳና በኩል። እኔ የመጀመሪያ ቀን በ13ኛው ወጥቼ በዚያ በጥር ብርድ፣ በስስ ጃኬት፣ የሀበሻ ምግብ ቤት ፍለጋ በተቃራኒው አቅጣጫ ስኳትን ጣቴ ደንዝዞ ስልኬን መንካት አቅቶኝ ነበር። አንቺ በ10ኛው ውጪ። ናይንዝ ስትሪት (9ኛ ጎዳና) አንድ ብሎክ ነው፣ ቡናውም እንጀራውም እዚያ አለ።

ግን እንደወጣሽ ትንሽ ቁሚ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለተዋጉት ጥቁር ወታደሮች የቆመው ሐውልት እዚያው በሩ ላይ ነው። ከኋላው ባለው ግድግዳ 209,145 ስም ተጽፏል። እኔ ስንት ዓመት በአጠገቡ እየሮጥኩ ካለፍኩ በኋላ ነው ቆሜ ያነበብኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህ ሰፈር ብዙ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሳው ረብሻ ተቃጠለ። ቀና ሳይል ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለባቡሩ ተብሎ ጎዳናው ተቆፈረ፣ ገበያ የጠፋባቸው ሱቆች ተዘጉ። ከ1958 ጀምሮ ያለው ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባለው ምግብ ቤት ግን በዚያ ሁሉ አቧራ መሃል ሥራውን አላቆመም። ጣቢያው በግንቦት 1991 ተከፈተ። እስከ 1999 ድረስ ከመሃል ከተማ የሚመጣው ባቡር ማብቂያው እዚህ ነበር። የኛ ሰው አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር ኪራይ ሲወደድበት ወደዚህ መጥቶ የተዘጉትን በሮች ከፈተ። በኋላ «ሰፈሩ ትንሿ ኢትዮጵያ ይባል» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ከነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን የተቃወሙ ነበሩ። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። ታሪኩን ሳውቅ ግን እውነታቸውን ነው አልኩ።

ስትመለሺ ግሪንቤልት የሚለውን ተሳፈሪ። የመድረኩ ጠርዝ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ሲሉ ባቡሩ እየገባ ነው። በሩ መዘጋት ከጀመረ ግን እጅሽን እንዳታስገቢ፣ እንደ ሊፍት በር ተመልሶ አይከፈትም።