የጋራ ቤታችን ለመጽሐፍ ይሁን ወይስ ለትረካ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ብሎክ 9፦
ጎረቤቶች፣ የእሑዱን ስብሰባ ሳንቋጭ ስለተበተንን ጉዳዩን እዚህ አምጥቼዋለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ተቆልፎ የኖረው የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ምድር ቤት ተጠርጎ፣ ቀለም ተቀብቶ ዝግጁ ሆኗል። ለዕቃ የተመደበው 60 ሺህ ብር ነው። አንደኛው ሐሳብ መደርደሪያና መጽሐፍ ተገዝቶ የልጆች ንባብ ቤት ይሁን የሚል ነው። ሁለተኛው ጥሩ ድምፅ ማጉያ ተገዝቶ፣ የድሮ ልብ ወለዶችንና አጫጭር ታሪኮችን ማታ ማታ ተሰብስበን በትረካ እናዳምጥበት የሚል ነው። ለሁለቱም አይበቃም፤ ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ጸሐፊ በመሆኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን እኔ የትረካው ወገን ነኝ። ይኸው ተናገርኩ።

መምህሩ፣ ብሎክ 11፦
ጸሐፊው ከዳኝነት ወንበር ተነሥተው ከተከራካሪ ጋር ስለተቀመጡ እኔም አልሸሽግም። ባለፈው ወር ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ጉዱ ካሳ አንድ ገጽ ጻፉ አልኳቸው። በአፋቸው ሲተርኩት ያስቀናሉ፤ ሁሉም ከስልካቸው ሰምተውታል። ወረቀቱን ስሰበስብ ግን «ፀሐይ ሠረቀች» የሚለውን በእሳቱ «ሰ» ጽፈው ፀሐይዋን ሌባ አድርገዋታል። ጆሮ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» አይለይም። ትረካ ደስ ይላል፤ ክራርም ደስ ይላል። ንባብ ግን ሥራ ነው፤ ሥራውን ሌላ ሰው ሠርቶልን እኛ አነበብን ማለት አንችልም።

ሾፌሩ፣ ብሎክ 4፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሚኒባሴን አስነሥቼ ማታ 3 ሰዓት ቤቴ እገባለሁ። መጽሐፉን መቼ ልግለጠው? መሪው ላይ ዘርግቼ? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሦስት ጊዜ ጨርሻለሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ተሳፋሪው ሒሳብ መክፈል ይረሳል፤ ረዳቴ በዚህ ምክንያት ትረካ ይጠላል። አንድ ቀን ቃሊቲ ደርሰን ሞተር ሳጠፋ አንዲት እናት «ምዕራፉ ሳያልቅ የት ውረጂ ትለኛለህ?» ብለው አልነቃነቅም አሉ። አላነበብክም የሚለኝ ካለ ከፈለገው ምዕራፍ ይጠይቀኝ።

መምህሩ፣ ብሎክ 11፦
እጠይቅሃለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያ መጽሐፍ ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። በአማርኛ ልብ ወለድ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። ደራሲው ይህን ያህል የለፉበትን ነጥብ በጆሮህ አየኸው?

ጸሐፊው፣ ብሎክ 9፦
መምህር፣ በዚህ ነገር ራስዎን ጠለፉ። ነጥቡ ለምን ተደረገ? ድምፁ እንዳይሳት አይደለምን? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ወንበር ላይ ነው። «አለ» ሲላላ ሰውየው ተናገረ፣ ሲጠብቅ ሰውየው አልሞተም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ደረሰ፣ ሲላላ ገና ነው። ከዓረፍተ ነገሩ እንገምታለን እንጂ ወረቀቱ አይነግረንም። ኮንዶሚኒየም ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን የገጠሩን አማርኛ ከየት ሰምተው ይገምቱ? የእኔ ልጅ አንድ የድሮ አጭር ታሪክ ጮኽ ብላ ስታነብልኝ የላላውን እያጠበቀች፣ የጠበቀውን እያላላች ሄደች። ቁጣው ቀልድ መሰለ፣ ቀልዱ ስድብ መሰለ። ያንኑ ታሪክ በጥሩ ተራኪ ድምፅ ስትሰማው «አባዬ፣ ሰውየው ለካ እየለመነ ነበር» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ልመናው አልታያትም ነበር። ጥሩ ተራኪ ደራሲው በነጥብ የተጨነቀለትን በጉሮሮው ይሠራዋል።

እማማ፣ ብሎክ 2 (የልጅ ልጃቸው እየጻፈችላቸው)፦
ልጆቼ፣ ስትከራከሩ ደስ ትላላችሁ። በእኛ ሠፈር ሬዲዮ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲጀምር ቡና የሚወቅጠውም ሙቀጫውን ያስቀምጣል፤ ሕፃን ያለቀሰበት ይዞ ይወጣል። ሰብለ ወንጌል ስትመነኩስ የዚያ ቤት ባለቤት እናት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። የሞተ ዘመድ ያለባቸው መስሎኝ «እግዜር ያጥናዎ» ልል ነበር። አሁን ሁሉም ጆሮው ውስጥ ሽቦ ሰክቶ ለብቻው ይስቃል፣ ለብቻው ይተክዛል።
ስለ ፊደሉም ልናገር። እኔ ማንበብ የተማርኩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የምስክር ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ፊደሉን ሰጡኝ፤ የማነበው ነገር ግን በቤቴ አልነበረምና ቀስ በቀስ ጠፋብኝ። መምህር፣ ለዚህ ነው በእርስዎ መሳቅ የማልችለው።

መምህሩ፣ ብሎክ 11፦
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእሑድ ጀምሮ የሚረዳኝ ሰው ስፈልግ ነበር።

ነርሷ፣ ብሎክ 13፦
ማጉያ የምትሉትን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስቡት። ሌሊት ሠርቼ የመጣሁ ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተኝቼ ነው የምገኘው፤ የመኝታ ቤቴ መስኮት ደግሞ በቀጥታ ወደዚያ ክፍል ነው። በዛብህ በመስኮቴ እንዲሞት አልፈልግም።

ጠበቃው፣ ብሎክ 6፦
ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። የማንን ትረካ ነው የምታሰሙት? በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት ዐዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ እስከ 2046 ድረስ መብቱ የወራሾቻቸው ነው። ተራኪውና ድምፁን የቀረጸውም የየራሳቸው መብት አላቸው። በግል ገዝቶ ማዳመጥ አንድ ነገር ነው፤ ከየትም የተገለበጠውን ለሕዝብ በአደባባይ ማሰማት ሌላ ነገር ነው። በማኅበር ማኅተም የተገዛ ማጉያ ደግሞ ማስረጃው ከነደረሰኙ ነው።

ሾፌሩ፣ ብሎክ 4፦
ጠበቃ፣ ሚኒባሴ ውስጥ የማሰማውስ?

ጠበቃው፣ ብሎክ 6፦
ይህን ጥያቄ አላየሁትም።

ብሎክ 7፣ ሁለተኛ ፎቅ፦
እሑድ ዕለት «ዓይነ ስውራንም ይጠቀሙበታል» ሲባል ሰማሁ። በግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ዓይነ ስውር አላውቅም፤ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልመልስ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ያነብልኛል፤ ይህን ክርክራችሁንም እያነበበልኝ ነው፤ የመምህሩን ሁለት «ሰ» ፊደሎች አንድ አድርጎ። ትረካም እወዳለሁ። ነገር ግን ሰው ሲተርክልኝ የምሰማው የእርሱን ሰብለ ወንጌል ነው። የት ላይ እንደምትተነፍስ፣ የት ላይ እንደምታለቅስ አስቀድሞ ወስኖልኛል። በጣቴ ሳነብ ግን ዝምታው የእኔ ነው፤ አንድ ቃል ላይ ደቂቃ ሙሉ ብቆም የሚያልፈኝ ድምፅ የለም። በብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ ወረቀቱም ወፍራም ስለሆነ፣ አንድ ልብ ወለድ ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል፤ በዚህም የተነሣ ተማሪ ሳለሁ ያገኘሁት የትምህርት መጽሐፍ እንጂ ልብ ወለድ አልነበረም።
ጠበቃው የማራኬሽን ስምምነት ያውቁታል፤ ኢትዮጵያ አባል ናት። በዓይነ ስውርነት ወይም በሌላ የአካል ጉዳት ምክንያት የታተመውን ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች በሚሆን መልክ መጽሐፍን ለማባዛት መንገድ የሚከፍት ስምምነት ነው። ያ መንገድ የተከፈተው ለእኔ እንጂ ለመላው ብሎክ አይደለም። እባካችሁ በእኔ ስም ድምፅ ማጉያ አትግዙ።

ጸሐፊው፣ ብሎክ 9፦
እኅቴ፣ እሑድ ያንን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካፈርኩ አይቀር አንድ ሐሳብ ልጨምር፦ የመብቱ ጊዜ ያለፈበትን መጽሐፍ ብንፈልግስ?

ጠበቃው፣ ብሎክ 6፦
ሞልቷል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ም አለ፤ ኅሩይ በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ነውና 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ራሳችሁ ካነበባችሁት የተራኪ መብትም አይነካም።

ሾፌሩ፣ ብሎክ 4፦
«ጦቢያ» ምንድን ነው? ትረካውን አላገኘሁትም።

መምህሩ፣ ብሎክ 11፦
እንዴት ያለ ታሪክ መሰለህ! አባትየው የጦር አለቃ ነው፤ ተሸንፎ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ልመልስ ብሎ ከቤት ይወጣና እርሱም በባርያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ያን ጊዜ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። በመንገድ ላይ ማንም ሴት መሆኗን እንዳያውቅ…

ሾፌሩ፣ ብሎክ 4፦
መምህር፣ ለምን አቆሙ? ደግሞስ ይህ አሁን ንባብ ነው ወይስ ትረካ?

መምህሩ፣ ብሎክ 11፦
ይህ ማጥመጃ ነው። የቀረውን ከፈለግህ መጽሐፉን አውስሃለሁ። አሁን ግን ቁም ነገሩን ልናገር፦ ልጆቹ ራሳቸው ጮኽ ብለው ያንብቡ፣ እማማና ሌሎች አዋቂዎች ይቀመጡና የላላውንና የጠበቀውን ያርሙ። በዚህ ከተስማማችሁ «ትረካ» የሚለውን ስም እታገሣለሁ። ማጉያ ግን አልፈርምም፤ በክፍሉ ውስጥ የማይሰማ ልጅ ካለ ድምፁን ያሠልጥን።

እማማ፣ ብሎክ 2፦
የማርመው እኔ ከሆንኩ ቡናው ከእኔ ነው። የጠፋብኝን ፊደልም ከሕፃናቱ ጋር ልልቀመው፤ ማንም እንዳይስቅብኝ።

ነርሷ፣ ብሎክ 13፦
ያለ ማጉያ ከሆነ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። መብራት እንደ ልማዱ ሲጠፋስ ምን ልታደርጉ ነው?

ጸሐፊው፣ ብሎክ 9፦
ሻማ እንዳልል ልጆች ናቸው፣ መጽሐፍም ወረቀት ነው። የእጅ ባትሪ በሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁም።

ብሎክ 7፣ ሁለተኛ ፎቅ፦
መብራት ሲጠፋ ተራው የእኔ ነው፤ በጣት ለማንበብ ባትሪ አያስፈልግም። የ«ጦቢያ»ን የብሬል ኅትመት ዋጋ እያጠያየቅኩ ነው። ከ60 ሺሁ ስንቱን እንደሚወስድ እስከ ሐሙስ እነግራችኋለሁና፣ ጸሐፊ፣ እስከዚያ መደርደሪያ እንዳትገዛ።