ኮምቦልቻ ግድግዳ፣ ደሴ ልብስ? ስለ ድሮው የዲዲቲ ሥራ

ቦርከና ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1950ዎቹ ስለነበረው የከተማ ጤና ጥበቃ ሥራ አጭር ጽሑፍ እያሰናዳሁ ነው። ኮምቦልቻ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ዲዲቲ (የነፍሳት መግደያ ኬሚካል) ሌላ፣ ደሴ ልብስ ላይ የሚነፋው ሌላ እንደነበር አንብቤያለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ሥራው ለምን ይለያያል? መጠኑስ እንዴት ነው የሚሰላው?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
የሚለየው ከፍታው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርድ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለህ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ብርዱ የወባ ተውሳክ ትንኟ ውስጥ እንዲያድግ አይፈቅድለትም፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ከ18 ዲግሪ በታች አያድግም። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ነች። በ1958 (እ.ኤ.አ.) የተነሣው ትልቁ የወባ ወረርሽኝ የመታው በተለይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን አገር ነው። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 እንደሞተ ይገመታል። እዚያ ከፍታ ላይ ወባ በየዓመቱ ስለማይመጣ የሰዉ ገላ አልለመደውም ነበር።

የደሴ ጣጣ ቅማል ነበር። በክረምት ልብስ ይደረባል፣ ሰው ተጠጋግቶ ይተኛል፣ እጥበት ይቀንሳል፤ ግርሻ (እየተመላለሰ የሚያገረሽ ትኩሳት) እና ታይፈስ በዚያ ይገባሉ።

ረጪው፦
የያኔውን የግድግዳ ስሌት እኔ ልንገርህ። በካሬ ሜትር 2 ግራም ንጹሕ ዲዲቲ ማረፍ አለበት። ዱቄቱ 75 በመቶ ስለሆነ 670 ግራም በ10 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ይህ ለ250 ካሬ ሜትር ይበቃል። መጀመሪያ በጥቂት ውሃ እንደ በሶ ይለወሳል፣ ከዚያ እየቀጠነ በማጥለያ ወደ ፓምፑ ይገባል። ሳይጠለል የገባ ጓል የፓምፑን አፍንጫ ይደፍናል። በሽቦ መጎርጎር ደግሞ የባሰ ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋና መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ወደ መሬት ይወርዳል።

አፍንጫው ከግድግዳው 45 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ አንዱ መስመር 75 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ቀጣዩ በ5 ሴንቲ ሜትር ይደርበዋል። በደቂቃ 760 ሚሊ ሊትር ሲወጣ 19 ካሬ ሜትር መሸፈን አለበት። ዱቄቱ ስለሚዘቅጥ ፓምፑ በየመሀሉ ይነቀነቃል፤ ያን የረሳ ሰው መጀመሪያ የረጨው ወፍራም፣ መጨረሻ የረጨው ውሃ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ግን ምርጊት ነው። ትንኟ ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ነው መድኃኒቱ የሚያገኛት። ወባ የሚጠናው ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለሆነ ርጭቱ ቀድሞ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ማለቅ አለበት። የቤቱ እመቤት ደግሞ ለዓመት በዓል ብላ ጳጉሜ ላይ ቤቷን በአዲስ ጭቃ ትለቀልቃለች! መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር ተቀበረ ማለት ነው። ቀድሞ ያልነገራት ሰው ነው ጥፋተኛው።

ጦሳ ግርጌ፦
የልብሱ ዱቄት 10 በመቶ ነበር። የግድግዳው 75 በመቶ በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ እሱን ሰው ልብስ ላይ መንፋት ስህተት ነው። ልብስ ሳይወልቅ በአንገትጌ፣ በእጅጌና በወገብ በኩል ይነፋል፤ ለአንድ ሰው 30 ግራም ገደማ። የሚፈለገው ስፌቱ ነው፤ ቅማል የምትደበቀውም ቅጫሟን የምትጥለውም እዚያ ነው። ዲዲቲ ቅጫሙን ስለማይገድል ቅጫሙ እስኪፈለፈል ድረስ ዱቄቱ ልብሱ ላይ መቆየት አለበት፣ ሳምንት ከዚያም በላይ። ልብሱ ከታጠበ እንደገና ይነፋል።

ልብስ መቀቀልም ይሠራል። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ቅማልና ቅጫም 60 እንኳ አይችሉም።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ግርሻ በንክሻ አይተላለፍም። ቅማሏ ስትፈርጥ ነው ተውሳኩ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ የሚገባው። ስለዚህ በጥፍር መፍረጥ መድኃኒት ሳይሆን በሽታ ነው። ደግሞም ቅማል ትኩሳት አትወድም፤ ከታመመው ላይ ወርዳ አጠገቡ ወደተኛው ትሄዳለች።

ቦርከና ማዶ፦
ገለታ ይግባችሁ! «ርጭቱ ትኋን አበዛብን» የሚል ቅሬታስ እውነት አለው?

ረጪው፦
ከፊሉ አለው። ዲዲቲ ትኋንን ያቅበጠብጣታል፤ ከስንጥቅ ስትወጣ ድሮም የነበረችው በቀን ትታያለች። መጀመሪያ ላይ በርግጥ ትሞት ነበር፤ በኋላ ግን ለመደችው። ባለቤቶቹም ትኋን ካልሞተ ለምን በር እንክፈት አሉ፤ ለወባው ሲባል የሚረጨው ቤት በዚህ ምክንያት ይዘለል ነበር።